የኢተያ ደብዳቤ በማን በኩል?

እስቲ ቤታችሁ ያለ የቆየ ፖስታ አውጥታችሁ ተመልከቱ። እኔ ኢተያ፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ በክር የታሰሩ ፖስታዎች አገኘሁ። ሁሉም ላይ ያለው ሦስት መስመር ነው፦ የተቀባዩ ስም፣ ከሥሩ «በአቶ እገሌ በኩል»፣ ከዚያ የፖስታ ሣጥን ቁጥር። የቤት ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ባሕር የሚሻገር ፖስታ እንዴት የእኛን ደጃፍ ሳያውቅ ቀረ?

ድሮ ደጁን የሚያውቀው እግረኛው መልእክተኛ ነበር። ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ይገሠግሣል። ዳሩ ግን ይህ እግረኛ በአመዛኙ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት፣ ሲልም የነጋዴ ነበር። ባላገሩ ወሬ የሚልከው ገበያ በሚወርድ ሰው አፍ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። ቴምብሩ ፓሪስ ታተመ፤ የስዊሱ አልፍሬድ ኢልግም እጁ ነበረበት። ሰባት ዓይነት ነው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ፣ ጽሑፉ ደግሞ አማርኛ። ያኮራል፣ አይደል? ችግሩ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሩ ከጅቡቲ ወዲያ አይሠራም። ስለዚህ ወደ ውጭ በሚላክ ደብዳቤ ላይ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። በ1888 ዓድዋ ላይ ድል ያደረገ መንግሥት፣ ደብዳቤው መርከብ እንዲሳፈር የሌላ ቴምብር ሲገዛ አስቡት! ነገሩ የተቃናው በ1901 ዓ.ም. ኅብረቱ ውስጥ ስንገባ ነው።

የምድር ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ፖስታውም ከበቅሎ ጀርባ ወደ ፉርጎ ተዛወረ። ሐዲዱ በአዳማ በኩል ያልፋል እንጂ ወደ አርሲ አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ወደ ኢተያና አሰላ፣ በስንዴው መካከል፣ የመኪና መንገድ ነው።

እንግዲህ ፖስታ ቤት ደብዳቤን ሣጥን ድረስ አመጣ፤ ቤት ለቤት ማደሉ ልማድ አልሆነም። ሣጥን የሚከራየው ደግሞ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ደኅና ነጋዴ ነው። የቀረው ሕዝብ «በኩል» ሆነ። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ሳይሾም ሁለተኛ ፖስታ ቤት ነው፤ ደግ ከሆነ ልጅ ይልካል፣ ከረሳም ረሳ።

አጎቴ ሌላ ከተማ ይማር በነበረ ጊዜ የምግብና የኪራይ ገንዘብ እንዲላክለት ጻፈ። ደብዳቤው እዚያው እኛ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው ሰው መሳቢያ ውስጥ ሁለት ወር ተኛ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ አንድ ተማሪ በአማርኛ የተጻፈውን በኦሮምኛ እየመለሰ አነበበላት። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» የሚለውን ስትሰማ ሣቀች። ገንዘቡ ላይ ሲደርስ ቀኑን ጠየቀችው። ተማሪው ፖስታውን ገልብጦ ማኅተሙን አየና ዝም አለ።

በማግሥቱ በግ ተሸጦ ብሩ ተላከ። አጎቴ ግን ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፍለጋ ሄዷል። ብሩ ከወር በኋላ፣ በዚያው «በኩል»፣ ተመልሶ መጣ።