የቤት ምጣድና የእንግዳ ምግብ፤ በኮልፌ ቀራንዮ ገበታ ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

የአገራችንን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ነገሥታቱ ግብር ብዙ ነግረውናል፤ ስለ ተራው ሰው እራት ግን የነገሩን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከሌላ አገር የመጣ ምግብ መቼ የቤት ምግብ ይሆናል? የሚል ነው። ለምርመራችን የመረጥነውም በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለውን የኮልፌ ቀራንዮን ሠፈር ነው።

ሠፈሩን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመዛወሩ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሥፍራ ተቋቋመ። ኮልፌ ከዚህ ገበያ ቀጥሎ ይገኛል። ወደ ጅማ የሚወስደውም መንገድ በአየር ጤና በኩል ያልፋል፤ ከወልቂጤና ከአካባቢው የሚመጣ ሰውና ሸቀጥ የሚገባው በዚሁ ነው። ስለ ሆነም ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞውና አማራው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ አጥር ተጎራብተው የሚኖሩበት ሠፈር ነው።

አስቀድመን አንድ ስሕተት ማረም ይገባናል። ብዙዎቻችን የእናቶቻችን ምግብ ከጥንት ጀምሮ እንዳለ የኖረ ይመስለናል። ነገር ግን በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምቦስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአገራችን በርበሬ የገባበት ወጥ አልነበረም። በቆሎም ድንችም የመጡት ከዚያው ክፍለ ዓለም ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በርበሬን ባዕድ ነው የሚል ሰው አይገኝም፤ ተደልዞ፣ ተቀምሞ፣ ከሽንኩርት ጋር ቁሌት ሆኖ የወጡን ሥርዓት ተቀብሏልና።

አሁን ወደ ኮልፌ እንመለስ። ከውጭ አገር ሳይሆን ከገጠር የመጣው እንግዳ ቆጮ ነው። በጉራጌ አገር እንሰቱን የሚተክለው ወንድ ሲሆን የምትፍቀው፣ በጉድጓድ ቀብራ የምታብላላው፣ ቡላውን የምትለየው ሴት ናት። አዲስ አበባ የገባ ቤተ ሰብ የእንሰት ጓሮ ስለሌለው የተዘጋጀውን ቆጮ ከገበያ ይገዛል፤ ለቤቱ የቀረው በቅጠል ጠቅልሎ መጋገሩ ብቻ ነው። ለመስቀል ክርስቲያኑ፣ ለዐረፋ እስላሙ ወደ ትውልድ አገሩ የሚጓዘው ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ቆጮ ከምን እንደሚመጣ ያዩ ዘንድ ጭምር ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ ፓስታ ነው። ከጣልያኖች ጋር የገባው የምግብ ዐይነት ብዙ ነበር፤ አሮስቶና ላዛኛ ግን ከሆቴልና ከድግስ አልፈው የዘወትር የቤት ምግብ አልሆኑም። ፓስታ ለምን ጸና? ርካሽና ፈጥኖ የሚበስል ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ቢሆንም ምላሹ ሙሉ አይደለም፤ ርካሽነቱ እንዴት እንደ ገባ ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ በምን መልክ እንደ ተቀመጠ አያስረዳም። በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉትን ቀናት ይጾማል። ከስንዴና ከውኃ ብቻ የተሠራ ፓስታ፣ ሱጎው በዘይት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ከተሠራ፣ ከጾም ጋር አይጣላም። እመቤቲቱ በሱጎው ላይ በርበሬ ጨመረችበት፤ በእንጀራ ላይ ገለበጠችው፤ ቤተ ሰቡም በአንድ ትሪ ዙሪያ በእጁ ጠቅልሎ በላው። ፓስታው ወደ ገበታው መጣ እንጂ ገበታው ወደ ፓስታው አልሄደም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። ፈረንሳዮች ሳይጎንን በ1859 ይዘው እስከ 1954 ድረስ በቬትናም ሲገዙ ረዥሙን ዳቧቸውን ይዘው ገብተዋል። ቬትናሞች ዳቦውን ባን ሚ ብለው ሰይመው በመካከሉ የኮምጣጤ ካሮት፣ ድንብላልና ቃሪያ አገቡበት። የቤታቸው እራት ግን አሁንም ሩዝ ነው፤ ወጡ በአንድ ትሪ ይቀርባል፣ የዓሣ መረቁ ማጥቀሻ በመካከል ይቀመጣል፣ ታናሹም ታላላቆቹን ብሉ ብሎ ሳይጋብዝ አይጀምርም። የእኛም ልጅ ሽማግሌው እጁን ሳይታጠብ እጁን አይዘረጋም። በምዕራባውያንም ዘንድ ቢሆን ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ በሳሕን ማቅረብ የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት በታላላቅ ቤቶች ምግቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ በጠረጴዛው ላይ ይደረደር ነበር።

ነገሩን ከተራ የጣዕም ጨዋታ የሚያወጣው የኮልፌ ጎረቤቶች ኑሮ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻም ይሠራል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቆጮውና የጾም ፓስታው ግን ማንም ያላረደው ስለ ሆነ ሁለቱም እጃቸውን ይሰዱበታል። እንግዲህ የጾም ሥርዓት የሚለይ ብቻ ሳይሆን የሚያገናኝም ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ እንዲህ ነው። የምግብ ባህል የሚጠፋው አዲስ ምግብ ሲገባ አይደለም፤ አዲሱን የምትቀበለውና መልክ የምትሰጠው እጅ ስትታጣ ነው። በርበሬ ስለ መጣ ወጣችን አልጠፋም፤ ፓስታ ስለ መጣ ትሪያችን አልተበተነም። የእንሰትን አፋፋቅና አበላል ሳያውቅ ቆጮ ገዝቶ የሚበላ ትውልድ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ገበያው ቆጮውን እንጂ ዕውቀቱን አይሸጥለትምና። ስለዚህ ባልንጀሮቻችን ወደየቤታቸው ሲመለሱ ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ምን እንደሚሠሩ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደሚሠሩ ጠይቀው ይጽፉ ዘንድ እናሳስባለን። ዜና መዋዕል ጸሓፊ ያልቆመለት ወጥ ቤት ከልጆቹ በቀር ሌላ ጸሓፊ የለውም።