ሽመላና እንቁራሪት፦ የቆየ ዕዳ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ አንድ የቆየ ዕዳ ልክፈል።

ከብዙ ዓመት በፊት ስለ እንስሳት ዝምድና ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሽመላ እንቁራሪት ትበላ የለ? ታዲያ እንዴት ዘመዳሞች ይሆናሉ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄ «ተቀመጥ!» አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሱን አላውቀውም ነበር። ልጁ ከዚያ ወዲያ ጠይቆኝ አያውቅም።

መልሱ ረጅም ታሪክ አለው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1555 ፈረንሳዊው ፒየር በሎን የሰውንና የወፍን አጽም ጎን ለጎን አድርጎ በመጽሐፉ አሳተመ፤ አጥንት ከአጥንት አመሳከረ። በ1843 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን፣ ቅርጹና ሥራው ቢለያይም በተለያዩ እንስሳት ላይ ያው አንድ አካል ሊገኝ እንደሚችል አስረዳ። በ1859 ደግሞ ቻርለስ ዳርዊን «ለምን?» ለሚለው መልስ ሰጠ፤ ከአንድ አያት ስለወረሱት ነው።

እስቲ ሽመላዋን እዩዋት። ጉልበቷ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስላል አይደል? እሱ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ጉልበቷ ላይ፣ ላባው ውስጥ ተደብቋል። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያሉት አጥንቶች ተዋህደው ረዝመው ነው ውሃ ውስጥ የሚያቆሟት። እንቁራሪቷስ? የእሷም ሁለት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ረዝመዋል፤ ግን ለዝላይ። ጭን፣ ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጣት፦ ተራው አንድ ነው፤ አጠቃቀሙ ተለያየ።

በ2004 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ የተገኘው ቲክታሊክ የሚባል የዓሣ ቅሪተ አካል 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። የፊት መቅዘፊያው ውስጥ የክንድና የእጅ አንጓ አጥንቶች አሉበት። የእግር ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ እዚያ አካባቢ ነው።

ዝምድናው ግን የራቀ ነው። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ የሽመላና የእንቁራሪት የጋራ አያት ግን ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የኖረ ነው። እንዲያውም ሽመላ ከእንቁራሪት ይልቅ ለእኔና ለእናንተ ትቀርባለች! መበላላቱ ደግሞ ዝምድናን አይፍቅም፤ ዘር የሚቆጠረው በአያት ነው።

አንተ ልጅ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነሃል። ይህን ካነበብክ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ። የምታስተምሩ ልጆቼም፣ «አላውቅም፣ ነገ አንብቤ እመጣለሁ» ማለት አያሳፍርም። እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።