የኮሶ ነገር፦ ከጎንደር ገበያ እስከ ለንደን

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሆድ ትሎች ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «አያቴ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ታዲያ ኮሶ እውነት መድኃኒት ነው ወይስ እንዲሁ ልማድ?» ብሎ ጠየቀን። በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አልሆነልንም። ስለዚህ በዚህ እትም ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ልናወራችሁ አሰብን።

በአማርኛ ኮሶ ሁለት ነገር ነው። «ኮሶ ታየኝ» ያለ ሰው ትሉን ማለቱ ነው፤ «ኮሶ ጠጣሁ» ካለ ደግሞ መድኃኒቱን። በሽታውም መድኃኒቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ትሉ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው። ከብቱ በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር ሲግጥ የትሉን እንቁላል ይውጣል፤ እጩ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል። ያን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ደግሞ ትሉ በሁለት በሦስት ወር ያድግና ብዙ ሜትር ይረዝማል። ቁርጥ በሚወደድበት አገር ኮሶ የሁሉም ቤት ጉዳይ ነበር፣ የድሃውም የመኳንንቱም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ቆይቷል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኮሶ ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ሰዉ በየወሩ የደረቀውን አበባ በጠላ በጥብጦ እንደሚጠጣ፣ በዚያም ቀን ከሰው ተለይቶ ቤቱ እንደሚውል ይናገራል። አንድ የሚያስቅ ነገርም ጨምሯል፦ ሐበሾች ከአገራቸው ርቀው የማይሄዱት ኮሶ ስለማያገኙ ነው፣ የሄዱትም ዕድሜያቸው አጭር ነው ይባላል፣ ይላል። እኛ ይህን እዚህ ናይሮቢ ተቀምጠን ስናነብ ሳቃችን መጣ። ስንት ዓመታችን!

ብሩስ ዛፉን በእንግሊዛዊው ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ ግን ያ ስም ቀድሞ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ተገኘ። በ1791 ግመሊን የተባለ ጀርመናዊ በኮኒግስበርግ ይኖር በነበረው ፋርማሲስት በሃገን ስም ሰየመው። የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ዛሬም «ሀገንያ አቢሲኒካ» ነው። ሃገን የቀመመውም የጠጣውም አልነበረም፤ ለእኛ የቀረልን ከስሙ ግማሹ ነው።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ኮሶን ሁሉም ይፈልገው ነበር፣ የሚሸጠው ሰው ግን የተናቀ ነበር። ይህን ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ጊዜ ጎንደር ውስጥ ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን እንዳሳደጉ ይተረካል። ነገሩ እውነት ይሁን የጠላት ወሬ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበታል፤ ስድቡ ግን በእርግጥ ነበረ፦ «የኮሶ ሻጭ ልጅ»። በ1840ዎቹ አጋማሽ እቴጌ መነን ካሣን እንዲይዝ የላኩት ደጃዝማች ወንድይራድ «ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤው እመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ ወጣ ይባላል። ድሉ ግን የካሣ ሆነ። ካሣም ምርኮኛውን አስቀርበው፣ እናቴ ዛሬ ገበያ ስላልቀናት ከኮሶ በቀር የማቀርብልህ የለኝም ብለው ዋንጫ ሙሉ ኮሶ አስጠጡት ይባላል። ተማሪዎቻችን ይህን ስንነግራቸው ይስቃሉ። ለመሆኑ ግን ሰዳቢዎቹ እነማን ነበሩ? ያንኑ ኮሶ እየገዙ የሚጠጡ ሰዎች አይደሉም እንዴ?

በዚያው ዘመን ኮሶ ባሕር ተሻግሮ ነበር። ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ ስለ መድኃኒቱ ሰምቶ ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ ኩንት የተባለው የዕፅዋት ሊቅም በ1820ዎቹ በሐኪሙ ስም ጠራው። በ1850 ገደማ ለንደን ሲደርስ ዋጋው በጣም ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 በወጣው የመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ኮሶ ገባ። በዚያችው ዓመት ጥር ወር ነው እንግዲህ ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ያሰሩት። የኮሶ ሻጭ ልጅ የተባሉት ሰው የእንግሊዝን መልእክተኛ በሰንሰለት ሲያስሩ፣ የእንግሊዝ ፋርማሲስቶች ደግሞ ኮሶ በሚዛን ይሸጡ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ለተማሪያችን መልሱ፦ አዎ፣ መድኃኒት ነበር። ትሉን በእርግጥ ያስወጣል። ብዙ ጊዜ ግን የትሉ ራስ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከራሱም እንደገና ያድጋል። በየጊዜው የሚጠጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው ጥሬ ሥጋው አለመቆሙ።

ኮሶ መርዝም ነው። ከልክ ሲያልፍ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፣ አቅም ያሳጣል፤ የዓይንን ነርቭ ጎድቶ ያሳውራል፣ የሞተበትም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በኮሶ መመረዝ ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች ታሪክ በ1960ዎቹ በሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። የድሮዎቹ አዋቂዎች ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ከወንዴው እንደሚበልጥ ያውቃሉ፤ የቆየው ከአዲሱ እንደሚደክም ያውቃሉ፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ዕውቀቱ አበባው ላይ ብቻ ሳይሆን በሚሰጠው ሰው እጅ ላይ ነበረ።

እኛን የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲሰደድ ቅጠሉ አብሮት ይመጣል፣ ልኩን የሚያውቀው ሰው ግን እዚያው ይቀራል። ኢስሊ ውስጥ በሐበሻ ሱቆች ጤና አዳሙም ጥቁር አዝሙዱም ይገኛል፤ ጥሩ ነው። የሆድ መድኃኒት ግን በላስቲክ ተቋጥሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ማን ነው የሚለካው? አንድ የምናውቀው ሰው ከአገር ቤት የተላከለትን ኮሶ በግምት በጥብጦ ጠጥቶ ሁለት ቀን ሲያስታውክ ሰነበተ፣ ዓይኑም ብዥ አለበት። ክሊኒክ ወስደውት ተረፈ። ለዚህ ትል ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኒክሎሳማይድ፣ በኋላም ፕራዚኳንቴል የሚባሉ ኪኒኖች አሉ፤ የትሉን ራስ ጭምር ይገድላሉ። ስለዚህ ኮሶ የታየው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሐኪሙ ቢጠይቀውም ቤት ምን እንደጠጣ አይደብቅ።

የኮሶ ዛፍ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በኬንያ ተራራና በአበርዴር ደጋ ጫካዎችም ይበቅላል። ቀጨሞን ደግሞ ማሳዮችም ለዚሁ ትል ይጠቀሙበታል። ይህን ለኬንያውያን አስተማሪዎች ስንነግራቸው እነሱም ከየአያቶቻቸው የሰሙትን አመጡልን፤ የሻይ ሰዓታችን አለቀ።

ለመምህራን አንድ ሥራ እናቀርባለን። ተማሪዎች ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቀው የአንድ ተክል ስም በየቋንቋቸው፣ የትኛው ክፍሉ እንደሚወሰድ፣ መጠኑን፣ እንዲሁም ለማን እንደሚከለከል ይጻፉ፤ መቅመስ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። ሙከራውን በአንድ ክፍል ጀምረነዋል። አንዲት ተማሪ ስለ እንቆቆ ያመጣችው ወረቀት በጣም ጥሩ ነበር። በመጠኑ ዓምድ ሥር «የአያቴ አንድ ጭብጥ» ይላል። አያትየዋ አሁን አብረዋት የሉም።