መቃብር ላይ ኮከብ ፍለጋ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጋዜጣ ስታገኙ መጀመሪያ የምትገልጡት የትኛውን ገጽ ነው? ፖለቲካውን ነው ብላችሁ እንዳትሸውዱኝ! «ኮከብዎ ምን ይላል» የሚለውን ሰረቅ አድርጎ ሳያይ የሚያልፍ ስንቱ ነው?

ነገሩ ለአያቶቻችንም አዲስ አልነበረም። አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ የስማችሁን ፊደል ቆጥሮ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን… እያለ ኮከባችሁን ይነግራችኋል። ስሞቹን ልብ ብላችኋል? ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። አሥራ ሁለቱ ምልክቶች ባቢሎን ተወልደው፣ ግሪክና ዐረብ ቤት አድገው እኛ ጋ የደረሱ እንግዶች ናቸው።

እነዚሁ እንግዶች ግብጽ ላይ መቃብር ድረስ ዘልቀዋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቴብስ ውስጥ የተቀበረው የሶተር የተባለ ሹም የሬሳ ሣጥን ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ክዳኑን ከውስጥ ስታዩት የሰማይ አምላክ የምትባለው ኑት መሐል ላይ ተዘርግታለች፤ አሥራ ሁለቱ ምልክቶች ግራና ቀኝ ከብበዋታል። አስቡት፤ ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ ለዘላለም የሚያየው የራሱ ሰማይ አለው!

የእኛዎቹ መቃብሮችስ? ከአዳማ ተነስታችሁ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጋችሁ ወደ ቡታጅራ ታጠፉና ጢያ ድረሱ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ በ1980 (እ.ኤ.አ.) መዝግቧቸዋል። ሥራቸው ሲቆፈር መቃብር ተገኝቷል። ድንጋዩ ላይ ጎራዴ አለ፣ ክብ አለ፣ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት አለ። ሸርጣንና ጊንጥ ግን የሉም። ክቡን ሁሉ «ፀሐይ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ማስረዳቱ ነው ከባዱ።

ይህ ችኮላ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ታሪክ ደግሞ አለ። ስምጥ ሸለቆውን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ኬንያ ውስጥ ቱርካና ሐይቅ ጋ ትደርሳላችሁ። እዚያ ናሞራቱንጋ በሚባል ሥፍራ 19 የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች «ዓምዶቹ የቦረና ዘመን አቆጣጠር የሚከተላቸውን ሰባት ከዋክብት ያመለክታሉ፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ነው» ብለው ጻፉ። ዓለም ጉድ አለ!

በ1982 ግን ሶፐር የተባለ ሌላ ተመራማሪ ድንጋዮቹ ራሳቸው ማግኔትነት ስላላቸው ኮምፓስ እንደሚያሳስቱ አሳየ። በኋላ የተደረጉ ቁፋሮዎች ደግሞ በአካባቢው ያሉት እንዲህ ዓይነት የዓምድ ሥፍራዎች ወደ 5,000 ዓመት እንደሚጠጉ አመለከቱ። ከነዚህ አንዱ በሆነው ሎታጋም በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት ቢያንስ 580 ሰዎች ተቀብረዋል። ኮከብ በሺህ ዓመታት ውስጥ የሚወጣበት ቦታ ይቀየራል፤ ስለዚህ የ300ው ስሌት ወለም አለው።

ታዲያ የቦረና ዕውቀት ውሸት ሆነ ማለት ነው? በፍጹም! የወደቀው የድንጋዩ ማስረጃ ነው። አስመሮም ለገሠ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት «ገዳ» የተሰኘ መጽሐፋቸው እንደገለጹት፣ የቦረና አያንቱዎች ቡሳን፣ ባካልቻ፣ ባሳ እያሉ ከዋክብቱን በስም ያውቃሉ። ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋር እንደወጣች አይተው 12 ወር ይቆጥራሉ። 27 የቀን ስሞችም አሏቸው፤ ሰው የተወለደበት ቀን ስለ ዕጣው ይናገራል ይባላል። ይህ ሁሉ ሳይጻፍ፣ ሳይቀረጽ በጭንቅላት የተያዘ ነው።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ጢያ ሺህ ዓመት ዝናብ ቢመታው አይሞትም። አያንቱ ግን ሰው ነው፤ ይሞታል። ሲሞት ጎኑ ሆኖ ሰማዩን ያየ ወጣት ከሌለ፣ ያ ሁሉ ሰማይ አብሮት ይቀበራል። የሶተር ሰማይ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ የእኛው የት ይገኛል?

እና ወዳጆቼ፣ አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ ከመበሳጨታችሁ በፊት አንዴ ቀና በሉ። ኮከብ የሚቆጥር ድንጋይ ከመፈለጋችን በፊት፣ ኮከብ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።