የሕዝብ ለሕዝብ ዲፕሎማሲ (አሜሪካና ቻይና)
ልኡካነ መንግሥት በጉባኤ ከሚነጋገሩት ሌላ፣ ሊቃውንት፣ ተማሪዎችና ማኅበራት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት ግንኙነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾች ከናጎያው የዓለም ውድድር ወደ ቻይና በተጋበዙ ጊዜ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረው ደጅ ገርበብ አለ፤ በማግሥቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ኒክሰን ራሳቸው ገቡበት፣ በ1979ም ሙሉ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተመሠረተ። ነገር ግን ቻይና በሀብትና በኃይል እየገነነች ስትሄድ፣ ከ2017 መባቻ ጀምሮ የጸናው ሕግ የውጭ አገር ማኅበራትን በሕዝብ ደኅንነት ሚኒስቴር ቁጥጥር ሥር አዋላቸው፤ ዋሽንግተንም በበኩሏ፣ በቀላሉ የማይተካውን የፉልብራይትን የትምህርት ልውውጥ በ2020 ከቻይና ጋር አቋረጠች፤ ይህም ጥበብ የጎደለው ውሳኔ ይመስላል። ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በ2023 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 50,000 አሜሪካውያን ወጣቶችን እንደሚጋብዙ ቢያስታውቁም፣ ማኅበራቱን የሚገዛው ሕግ ግን አልተሻረም።