አፍሪካ አዳራሽ ከጉለሌ ሲታይ

የመጽሔቱ ኮሚቴ ስለ ሙያዬ እንድጽፍ ነበር የጠየቀኝ። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ግን ከመካከላችን የማያውቅ የለም፤ እንዲያውም ግማሾቻችን አሁን ኪኒኑን ከማዘዝ አልፈን መዋጥ ጀምረናል። ስለዚህ ዶርም ውስጥ ከዲዩቲ መልስ እንቅልፍ አጥተን እንከራከርበት ስለነበረው ሕንፃ ልጻፍላችሁ። እድሳቱ በ2017 ዓ.ም. አልቋል፤ ክርክሩ ግን ያለቀ አይመስለኝም።

የጉለሌ ሰው አፍሪካ አዳራሽን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ማዘጋጃ ቤትን ግን በእግሩ ያውቀዋል። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዞ፣ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ፒያሳ ወርዶ ወረፋ ያልያዘ ማን አለ? ያ ቸርችል ጎዳናን እስከ ለገሃር ቁልቁል የሚያይ ሕንፃና አፍሪካ አዳራሽ የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸውን እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሰውየው አርቱሮ ሜዜዲሚ ይባላል። በ1922 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ተወልዶ፣ በወጣትነቱ አስመራ ገብቶ፣ እዚያው ሙያውን የጀመረ ጣሊያናዊ ነው።

ዘመኑን ላስታውሳችሁ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ ሆነ። ከተማዋ ግን የአህጉር ስብሰባ የሚችል አዳራሽ አልነበራትም። ጃንሆይ እዚህም አገር ትልቅ ሕንፃ መሥራት እንደሚቻል ማሳየት ፈለጉ። ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት በ18 ወር ገደማ ተሠርቶ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የታኅሣሡ ግርግር ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለሥልጣናት ከተረሸኑ ሳምንታት ናቸው ያለፉት። ያንኑ ቤተ መንግሥት በዓመቱ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ እኛ ስድስት ኪሎ ግቢ የምንለው እሱን ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችንና የአፍሪካ አዳራሽ ታሪክ የጀመረው በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ድንጋጤ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነፃ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች እዚያ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። ንክሩማ፣ ናስር፣ ኔሬሬ፣ ሴኩ ቱሬ፣ ቤን ቤላ ሁሉም ነበሩ። አንድ ጎራ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሲጎትት እንዲሰበሰቡ ከለፉት ሰዎች አንዱ የኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከተማ ይፍሩ ናቸው፤ ስማቸው ከሚገባው በታች ይነሳል።

አሁን ወደ ክርክሩ። እማማ፣ አያቴን ማለቴ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ነበር የሚኖሩት። በየካቲት 12፣ በ1929 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ታላቅ ወንድማቸው ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ሳያዘቅዝቁ አያልፉም። ማዘጋጃ ቤትን የሠራው ጣሊያን መሆኑን የነገርኳቸው ቀን፣ «ያቃጠለን እጅ ነው ደግሞ ቤት የሠራልን?» አሉኝ። ሜዜዲሚ ያኔ ገና ልጅ ነበር ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። እማማ ግን ስለ ሰውየው ዕድሜ አልነበረም የጠየቁኝ።

ዶርም ውስጥ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ነበረው። «ይሄ ሕንፃ ሚላን ቢቆም ማን ይለየዋል? ምኑ ነው የኛ?» የሚል አንድ ወገን ነበር፤ ማን ማን እንደነበራችሁ ታውቃላችሁ። እውነት አለው። ከውጭ ላየው መስታወትና ኮንክሪት ነው፤ የአክሱምም የላሊበላም ምልክት ፈልጎ የሚያገኝ የለም። እኔ ግን ሐሳቤን የቀየረው መግቢያው ላይ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው። 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ በሦስት ተከፍሎ አፍሪካ ያየችውን መከራ፣ ትግሏንና የምትመኘውን ነገ ይተርካል። አንኮበር የተወለደው ሠዓሊ ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ፀሐይ ስትገባበት ወለሉ ላይ ቀለም ይፈስሳል፤ እዚያ መሃል ቆሞ «የጣሊያን ቤት ነው» የሚል ሰው ካለ አይኑን እመረምርለታለሁ። ሕንፃ የሚነድፈው ሰው አንድ ነገር ነው፤ የሚያዝዘውና የሚሞላው ሌላ ነው። ጃንሆይ ያዘዙት የነፃነት ቤት ነበር፤ የመጡትም ለዚያ ነው።

የእድሳቱን ነገር በጥርጣሬ ነበር የተከታተልኩት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ንድፉን ኮንራድ ጋርጌት የተባለ የአውስትራሊያ ድርጅት ያዘ። አሳድሰን ሲባል አብረቅርቀን ማለት እየሆነ ስላስቸገረ፣ ወርቃማ መስታወት ለብሶ ይወጣል ብዬ ነበር የፈራሁት። እንደዚያ አልሆነም። የመብራቱን፣ የውሃውንና የድምፁን መስመር እንደ አዲስ ዘረጉ፤ ያረጀውን ሴራሚክ የድሮውን ቀለም አስመስለው አሠሩ፤ ሜዜዲሚ ራሱ የነደፋቸውን ወንበርና ጠረጴዛዎች ጥለው አዲስ ከመግዛት ጠገኑዋቸው። የአፈወርቅ መስታወት መጀመሪያ የተሠራው ፈረንሳይ ነው፤ አሁንም ያከመው የፈረንሳይ ወርክሾፕ ነው። መቼም ቁስሉን አጥቦ ጠባሳውን ለበሽተኛው መተው የሚያውቅ ሐኪም ይህንን ይወደዋል።

ግን በ18 ወር የተሠራውን ለማደስ አሥር ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ብሩንም በተመለከተ አንድ የክፍላችን ልጅ፣ አሁን ገጠር ጤና ላይ የሚሠራ፣ «በዚህ ስንት ጤና ጣቢያ ይከፈት ነበር?» ብሎኛል። ገንዘቡ ከጤና ሚኒስቴር ኪስ አልወጣም፤ ባይታደስ ኖሮ ለጤና ጣቢያ አይሰጥም ነበር። ጥያቄው ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ እሱ እንደሚሠራበት ዓይነት ቦታ ኦክሲጅን ፍለጋ ለዞረ ሰው በተለይ።

ከሁሉ የገረመኝ የማይታየው ሥራ ነው። ሕንፃው ርዕደ መሬት እንዲቋቋም ተጠናክሯል። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። አዳራሹ በተመረቀበት በ1953 ዓ.ም.፣ ግንቦት ላይ፣ የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴ ከተማን አፍርሷታል። መስከረም 26 ቀን 2017 ማታ ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው ንዝረት ከተማችንን ነቀነቃት፤ ጉለሌ ያለ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ልጆቻችንን አቅፈን ደረጃ ለደረጃ ወረድን። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በተገኙበት አዳራሹ ዳግም ተመረቀ። መንቀጥቀጡ ግን ወር አልፎ ወር ቀጠለ። ያን ሰሞን የሴራሚኩ ቀለም ትዝ ያለኝ አይመስላችሁ፤ ዓምዶቹ ነበሩ።

ማዘጋጃ ቤታችንም ታድሷል፤ ጎኑ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ግን ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ከውጭ የምትመጡ፣ ዲዩቲ ስንጨርስ ማኪያቶ የምንጠጣባቸውን ቦታዎች ብትፈልጉ አታገኙም፤ ቀድሜ ልንገራችሁ። ቤቶቹ ብዙዎቹ ለኑሮ የማይመቹ ነበሩ፤ ሽንት ቤት የሌለውን ቤት በናፍቆት ብቻ አልከራከርለትም። ይሁን እንጂ ለአፍሪካ አዳራሽ የተሰጠው አሥር ዓመት ትዕግሥት አንድ አሥረኛው ለእነሱ ቢሰጥ ኖሮ፣ የትኛው ይጠገናል የትኛው ይፈርሳል ብሎ ለመለየት ጊዜ ይገኝ ነበር።

እማማ አርፈዋል፤ አዳራሹን ሳያዩት። በዚያ አጥር በኩል ስንት ጊዜ አልፈዋል፤ ገብቶ ማየት ይቻላል ብሎ የነገራቸው ግን አልነበረም። ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ የቅዳሜውን የምሳ ግብዣ ወደ ማታ እናሸጋግረውና ጠዋቱን ፈቃድ ጠይቀን አብረን አዳራሹን እንጎብኝ፤ ልጆቻችሁንም አምጡ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ። መስታወቱ የሚያምረው ፀሐይ ስታርፍበት ነው፤ እባካችሁ በሐበሻ ሰዓት አትምጡ።