90 ቀን እና 15 ዓመት፦ የኮላጅን ፔፕታይድ ጥናቶች ስለዘነጉት ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2021 ዴ ሚራንዳና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሜታ-አናሊሲስ ስለ ኮላጅን በሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ሳይጠቀስ አይታለፍም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው 19 ጥናቶችንና 1,125 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መርምሯል፤ ከተሳታፊዎቹ ከመቶ 95ቱ ሴቶች ናቸው። መደምደሚያው አጭር ነው። በኤንዛይም የተበጣጠሰ ኮላጅን ለ90 ቀናት መውሰድ መጨማደድን ይቀንሳል፣ የቆዳን የመለጠጥ ብቃትና እርጥበት ያሻሽላል፣ በዚህም የቆዳ እርጅናን ይቀንሳል ይላል። ስለ መጨማደዱ፣ ስለ መለጠጡና ስለ እርጥበቱ የቀረበውን አኃዝ ለክርክሩ ያህል እንዳለ ልቀበለው። እርጅናን ይቀንሳል የሚለውን ግን አልቀበልም። ኮላጅን በሰው ቆዳ ውስጥ ምን ያህል ዘመን እንደሚቆይ ሳያነሱ ስለ መታደሱ መናገር አይቻልምና፤ ጸሐፊዎቹም አላነሱትም።

ስለ ኮላጅን ምንነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል፤ እስካሁን 28 ዓይነቱ ተለይቷል። ሦስት ሰንሰለቶች አብረው የተገመዱበት መሆኑን ራማቻንድራንና ካርታ በ1954 ከማድራስ አሳውቀዋል። ቫይታሚን ሲ ከሌለ ሃይድሮክሲፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ አይሠራም፣ ግምዱም አይጸናም፤ ድድ የሚያደማው ስከርቪ የሚመጣው ከዚህ ነው። የከብት ቆዳና አጥንት፣ የአሳማ ወይም የዓሣ ቆዳ ሲፈላ ግምዱ ተፈትቶ ጀላቲን ይሆናል። የበግ ቅቅል አድሮ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር ይኸው ነው። ጀላቲኑ በኤንዛይም ይበልጥ ሲበጣጠስ በውሃም በቡናም የሚሟሟው ዱቄት፣ ኮላጅን ፔፕታይድ፣ ይገኛል።

«ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል፣ ከሥጋና ከባቄላ ፕሮቲን አይለይም» የሚለው የቆየ ተቃውሞም ጊዜው አልፎበታል። ኢዋይና ባልደረቦቻቸው በ2005 ለአምስት ጤናማ ወንዶች የተበጣጠሰ ጀላቲን አጠጥተው፣ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን ተጣምረው የያዙት ትንሽ ፔፕታይድ ሳይፈጭ ደም ውስጥ መግባቱን አሳይተዋል። ደም ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ላይ ጠብ የለኝም።

ጠቤ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ2000 ኒኮል ቨርዘይልና የኔዘርላንድ ባልደረቦቻቸው ስለ ኮላጅን ዕድሜ ያወጡት ሥራ የሥነ ሕይወት ኬሚስትሪ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፤ ስለ ምግብ ማሟያዎች በሚጻፈው ውስጥ ግን ዱካው አይገኝም። ዘዴው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሕያዋን ፕሮቲን ሲሠሩ የሚጠቀሙበት አስፓርቲክ አሲድ ግራ ዞር ነው። ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ ሳይፈርስ ዓመታት ከቆየ፣ ከዚያ አሲድ ጥቂቱ በራሱ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞር ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ቁራጭ ቆዳ ውስጥ ያለው የቀኝ ዞሩ መጠን ፕሮቲኑ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ ይናገራል። በዚህ ስሌት የቆዳ ኮላጅን ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ በአዲስ የሚተካበት ጊዜ) 15 ዓመት ያህል፣ ካርቲሌጅ የሚባለው የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት ኮላጅን ደግሞ 117 ዓመት ሆኖ ተገኘ። በሌላ አነጋገር የ60 ዓመት ሰው ጉልበት ውስጥ ያለው ኮላጅን አብዛኛው በወጣትነቱ የተሠራው ነው።

ሌላ ቡድንም ፈጽሞ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች በከባቢ አየር ያለውን ካርቦን-14 እጥፍ ያህል አድርሰውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ወርዷል። ካትያ ሃይነማየርና የኮፐንሃገን ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት ተከትለው በ2013 የተረከዝን ትልቅ ጅማት፣ በ2016 ካርቲሌጅን መረመሩ። የጅማቱ እምብርት ሰው ቁመት መጨመር ካቆመበት ዕድሜ ወዲህ የሚታደስ ሆኖ አልተገኘም። የካርቲሌጁም እንዲሁ። ለጉልበትና ለጅማት ብለው ማሟያ የሚሸጡና የሚጽፉ ሰዎች ይህን ውጤት ጠቅሰው መልስ ሲሰጡ አላጋጠመኝም።

አሁን እስክሪብቶ ይዞ ማስላት ይቻላል። ግማሽ ዕድሜው 15 ዓመት የሆነ ነገር በዓመት 4.6 በመቶ ያህሉ ይታደሳል፤ በ90 ቀን 1.1 በመቶ፣ በ8 ሳምንት 0.7 በመቶ ነው። ስሌቱ አማካይ ግምት መሆኑን፣ የሚሠራውና የሚፈርሰው እኩል ነው ብሎ እንደሚነሳም አልክድም። ግን ግምቱ በሁለት እጥፍ ቢሳሳት እንኳ ነገሩ አይለወጥም።

ይህን ስሌት በፕሮክሽና ባልደረቦቻቸው ሥራ ላይ እንሞክረው፤ የማሟያ ማስታወቂያዎች ሁሉ ምሰሶ እሱ ነውና። በ2014 ከወጡት ሁለት ጽሑፎች በአንደኛው ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆኑ 69 ሴቶች በቀን 2.5 ወይም 5 ግራም ፔፕታይድ ለ8 ሳምንት ወሰዱ። የቆዳቸው የመለጠጥ ብቃት ጨመረ፤ እርጥበቱ ላይ የታየው ለውጥ ግን በስታቲስቲክስ የሚቆጠር አልሆነም። በሁለተኛው 114 ሴቶች፣ ከ45 እስከ 65 ዓመት፣ 2.5 ግራም ለ8 ሳምንት ወስደው በዓይን ዙሪያ ያለው መጨማደድ መጠኑ 20 በመቶ ቀነሰ። ከእነሱ መካከል ከጥቂቶቹ ቆዳቸው በመምጠጫ መሣሪያ እንዲያብጥ ተደርጎ ከእብጠቱ ፈሳሽ ተወሰደ፤ በፈሳሹም ውስጥ የኮላጅን ቅድመ-ውህድ የሆነው ፕሮኮላጅን 65 በመቶ ጨምሮ ተገኘ።

65 በመቶ ትልቅ ቁጥር ነው። ሙሉ በሙሉ እንመነውና በ8 ሳምንቱ 0.7 በመቶ እናባዛው፦ የቆዳው የኮላጅን ክምችት የሚጨምረው ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ከግማሽ በመቶ ያነሰ ጭማሪ የዓይን ዙሪያን መጨማደድ በ20 በመቶ የሚቀንስበት መንገድ አይታየኝም። ጥናቱ የሚያሳየው ጭማሪ እውነት ቢሆን እንኳ፣ መጨማደዱን የቀነሰው ሌላ ነገር መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሹስተርና ባልደረቦቻቸው በ1975 የቆዳ ኮላጅን በዓመት 1 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ማሳየታቸውን ጠቅሶ «እንግዲያው ግማሽ በመቶም የስድስት ወር እርጅናን ያካክሳል» የሚል ብልህ ተቃዋሚ ይነሳ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ በዚህ ጥናት ያ ጭማሪ በውስጠኛው ቆዳ ውስጥ አልተለካም። የተለካው ፈሳሽ ነው። ደግሞም ቆዳ ሲያረጅ ኮላጅኑ መጠኑ ብቻ አይቀንስም፤ ይቆራረጣል። የሚሺጋኑ የፊሸርና የቮርሂስ ቡድን ደጋግሞ እንዳሳየው የቆዳው ፋይብሮብላስት፣ ማለትም ኮላጅን የሚሠራው ሴል፣ የሚለጠጥበት ድጋፍ ሲያጣ ሥራውን ይቀንሳል። የተቆራረጠውን አሮጌ ኮላጅን በጥቂት ግራም ዱቄት ጠርጎ የሚያወጣ የለም።

ታዲያ መሣሪያዎቹ ያዩት ምንድን ነው? እርጥበት የሚለካው ኮርኒዮሜትር የሚባለው መሣሪያ ጫፉ ቆዳ ላይ ለአፍታ ተጭኖ፣ የቆዳው ውሃ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙን እንዴት እንደለወጠው ያነባል። የሚያነበው ጥልቀት ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እስከ ሁለት መቶኛ ብቻ ነው። እዚያ ያለው የሞቱ ሴሎች ንጣፍ ነው፤ ኮላጅኑ ያለው ከዚያ በታች፣ ከላይኛው ቆዳ ሁሉ ሥር ነው። በሌላ አባባል በሜታ-አናሊሲሱ ከተቆጠሩት ሦስት «የእርጅና» መለኪያዎች አንዱ ኮላጅን ያለበት ሥፍራ ጨርሶ አይደርስም። የመለጠጥ መለኪያው፣ ኩቶሜትሩ፣ በ2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቆዳውን ስቦ ሲለቀው ምን ያህል እንደሚመለስ ይመለከታል። ይህኛው ጥልቅ ቢደርስም ንባቡ ላይኛው ቆዳ በያዘው ውሃ ይለወጣል፤ ቅባት የተቀባና ያልተቀባ ቆዳ አንድ ዓይነት አይነበብም። መጨማደድም፣ በተለይ በዓይን ዙሪያ ያለው ቀጭኑ፣ ቆዳው ውሃ ሲይዝ ይሞላል። ጥናቶቹ ከፕላሴቦ ጋር የተነጻጸሩ ስለሆኑ የወቅትና የአየር ለውጥ ልዩነቱን አያብራራም፤ ልዩነቱ እውነት ሊሆን ይችላል። የእኔ ንባብ ቆዳው ውሃ መያዙን እንጂ ወጣት መሆኑን አላሳዩም የሚል ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2013 ይኸው የፕሮክሽ ጥናቶች የተሠሩበት ዓይነት ፔፕታይድ ቀርቦለት፣ ፔፕታይዱን በመውሰድና የቆዳን ተግባር በሚያሻሽል የመለጠጥ ለውጥ መካከል የምክንያትና የውጤት ግንኙነት አልተረጋገጠም ብሏል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው፣ ግማሽ ዕድሜ አማካይ ነው፤ በአማካዩ ውስጥ በፍጥነት የሚታደስ ክፍል አለ የሚለው ነው። ቻንግ፣ ካድለርና የማንቸስተር ባልደረቦቻቸው በ2020 በአይጥ ጅማት ውስጥ ዕለት ዕለት የሚሠራና የሚፈርስ ኮላጅን መኖሩን አሳይተዋል። ግሩም ሥራ ነው፤ ግን ዕለቱን የሚፈርስ ኮላጅን ለማንም እርጅና መድኃኒት አይሆንም። ሁለተኛው፣ ፔፕታይዱ የግንባታ ድንጋይ ሳይሆን ለሴሉ «ሥራ» የሚል መልእክት ነው የሚለው ነው። ሺገሙራና ባልደረቦቻቸው በ2009 በአይጥ ፋይብሮብላስት ላይ ይህን የሚደግፍ ነገር አይተዋል። ይሁንና መልእክቱ የቱንም ያህል ቢጮህ ሴሉ የሚሠራው ኮላጅን ከነበረው ክምችት ላይ የሚደመር ነው፤ የጊዜው ስሌት አይለወጥም።

የገንዘብ ምንጭን ጉዳይ ሚዩንግና ፓርክ በ2025 አንስተውታል። 23 ጥናቶችን፣ 1,474 ተሳታፊዎችን መርምረው፣ በኩባንያ ገንዘብ ባልተሠሩት ጥናቶች ውስጥ በእርጥበትም፣ በመለጠጥም፣ በመጨማደድም ለውጥ አላገኙም። ውጤቱ ለእኔ ክርክር ይመቻል፤ ግን ዋናውን አላነሳም። በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ንጹሕ ተመራማሪም በ90 ቀን ውስጥ የ15 ዓመት ነገር አይለካም።

ስለ ጡንቻ ግን ባጭሩ መናገር ግድ ነው፤ በእርጅና ሰው የሚወድቀው ከመጨማደድ ሳይሆን ከጡንቻ ማነስ ነውና። ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ፈጽሞ የለውም። ትሪፕቶፋን በ1901 ከመገኘቱ በፊት የፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ የጀላቲን ኮሚሽን በማዣንዲ መሪነት በ1841 በጀላቲን ብቻ የተመገቡ ውሾች እንደማይተርፉ ዘግቧል፤ የዘመኑ በጎ አድራጊዎች ግን ድሆችን በአጥንት ጀላቲን ሾርባ ለማጥገብ ሲደክሙ ነበር። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ከኮላጅን የተሠራ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ ይጠጡ ከነበሩት መካከል የሞቱ ነበሩ። በቀን አንድ ማንኪያ በቡና የምትወስድ ሴት ይህ አያስፈራትም፤ ዱቄቱን እንደ ምግብ ፕሮቲን መቁጠር ግን የለባትም። ኦይካዋና ባልደረቦቻቸው በ2020 በዕድሜ የገፉ ሴቶችን አነጻጽረው የወተት አጓት ፕሮቲን ጡንቻ የመሥራት ፍጥነትን ሲጨምር ኮላጅን ከጥቂት ቀናት በኋላ ያን እንዳላደረገ አሳይተዋል። ሽሮና እንቁላል ለዚህ ከኮላጅን ይሻላሉ፤ ዋጋቸውን ማወዳደርም አያስፈልግም።

ለአገራችን አንባቢ ሁለት ነገር ልጨምር። ኮላጅን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳ ነው፤ «የዕፅዋት ኮላጅን» ተብሎ የሚሸጠው ቫይታሚንና አሚኖ አሲድ እንጂ ኮላጅን አይደለም። ጾመኛው ከከብት ቆዳ መሠራት አለመሠራቱን፣ ሙስሊሙ ከአሳማ አለመሠራቱን ማሸጊያው ላይ ማንበብ አለበት፤ ከዓሣ የተሠራውም ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው፣ አብዛኞቹ ጥናቶች በምሥራቅ እስያና በአውሮፓ ሴቶች ላይ የተሠሩ ናቸው። ሜላኒን የበዛበት ቆዳ የፀሐይ ጉዳት ዘግይቶ የሚታይበት ስለሆነ፣ ከዚያ የተገኘ ቁጥር ለአዲስ አበባዋ ሴት በቀጥታ አይተረጎምም።

እርጅናን መለካት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአውስትራሊያዋ ናምቡር ከተማ ዕድሜያቸው ከ55 በታች የሆኑ 903 ሰዎች፣ ገሚሱ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየዕለቱ እንዲቀባ፣ ገሚሱ እንደ ፈቃዱ እንዲሆን ተደርጎ 4 ዓመት ተኩል ክትትል ተደረገላቸው። የእጃቸው ጀርባ ቅርጽ በሲሊኮን ተቀድቶ ተወሰደ። በ2013 በወጣው ውጤት በየዕለቱ የተቀቡት የቆዳ እርጅና ከሌሎቹ በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። የኮላጅን ፔፕታይድ አምራቾችም ተመሳሳይ ነገር ያሳዩ፦ ቢያንስ 2 ዓመት የሚፈጅ፣ ወንዶችንና ጥቁር ቆዳ ያላቸውን ያካተተ፣ ከውስጠኛው ቆዳ ናሙና ተወስዶ አዲስ የተሠራው ኮላጅን በከባድ ውሃ ምልክት የሚለይበት ጥናት። የናምቡር ሰዎች 4 ዓመት ተኩል መታገሥ ከቻሉ ብዙ ትርፍ የሚያፍስ ንግድ 2 ዓመት መታገሥ አያቅተውም።